ሕመሙ የጠፋ ዕለት

«አሁንስ የትኛውን ነው የያዝኩት?» አለች ናዝሬት።

ናጃህ አልጋው ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፍናለች። ጨዋታ ብለው የጀመሩት ነገር ነው። ናዝሬት የናጃህን ጣቶች በየተራ ትነካለች፤ ናጃህ ሳታይ የትኛው እንደሆነ ትናገራለች። በግራ እጇ ሲጫወቱ አንዱንም አልሳተችም። ቀኙ ላይ ሲደርሱ ግን ናዝሬት ዝም ብላ የተቀመጠች መሰላት።

«ገና አልነካሽኝም» አለች።

«መሀለኛውን ጨምቄ ይዤዋለሁ እኮ።»

ናጃህ ዓይኗን ገለጠች። እውነትም ናዝሬት መሀለኛ ጣቷን ይዛዋለች፤ ያውም ጥፍሯን ቀብራ። ናጃህ ክው አለች። ጣቶቿ ከታሰረው ክንዷ ጫፍ ላይ አባብጠው ያብለጨልጫሉ። ጥፍሮቿ ሥር ሰማያዊ ነገር ገብቷል። ትናንት እንዲህ አልነበሩም፤ ወይም ነበሩና ልብ ያላቸው ሰው አልነበረም።

«ናጁ፣ እጅሽ በረዶ ሆኗል» አለች ናዝሬት። ቅድም ስትስቅ የነበረችው ልጅ ፊቷ ተለዋወጠ።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ነው። ትምህርት ቤት መረብ ኳስ ሲጫወቱ ናጃህ ኳሷን አተርፋለሁ ብላ ተወረወረችና በቀኝ እጇ ላይ ወደቀች። የስፖርት መምህሩ ሆስፒታል ውሰዷት ብሎ ነበር። እናቷ ዘይባ ግን ለአፍታም አላመነታችም። በእነሱ ቤት የአጥንት ጉዳይ የጋሽ ከድሮ ነው። ጋሽ ከድሮ የአክስቷ የባሂራ ባል ናቸው፣ ወጌሻ። እውነት ለመናገር እጃቸው የተመሰከረለት ነው፤ ከቡታጅራ እስከ እንሴኖ እሳቸው ወለምታውን ያልመለሱለት ኳስ ተጫዋች ጥቂት ነው። ናጃህንም ዳሰሷት፣ ጎተቷት፣ አስጮኋት፤ ከዚያ ክንዷን በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ ጥፍር አድርገው አሰሩት። እኔ እስክመለስ ማንም እንዳይነካው ብለው አስጠነቀቁና በማግስቱ ማለዳ ለለቅሶ ወደ ወልቂጤ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ስልካቸው አልተነሳም።

የመጀመሪያውን ሌሊት ናጃህ ትራሷን ነክሳ ስታለቅስ አደረች። ክንዷ ውስጥ አንድ ነገር ይደልቅ ነበር። አርብ ረፋዱ ላይ አክስቷ ባሂራ ደረሰች፤ ጀርባዋ ላይ በጆንያ ያዘለችው ነገር ነበር። የስብራት እንሰቷን ነቅላ፣ ሥሩን፣ አምቾውን ተሸክማ ነው የመጣችው።

እንሰት ሁሉ አንድ አይደለም። ቆጮ የሚሆነው ጓሮ ሙሉ ነው፤ ለስብራት ይሆናል የሚባለው ግን ባሂራ ጓሮ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። ስንት ዓመት ከፍየልና ከፍልፈል ጠብቃ ያሳደገችው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ለገዛ ልጁ ካልሆነ አይነቅልም። ወንዶች ልጆቿ አዲስ አበባ ናቸው፣ ባሏ ለቅሶ ሄዷል፤ ስለዚህ ብቻዋን ቆፈረችው። ጥፍሮቿ ሥር ያለው አፈር ታጥቦም አልለቀቀም ነበር።

አምቾው ተቀቀለ፣ ከወተት ጋር ቀረበ፣ ናጃህ በላች። ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ቀነሰ። አመሻሹ ላይ ጭራሽ ጠፋ። ያኔ የነበረው ደስታ አይጣል ነው። ዘይባ አለቀሰች። ባሂራ ደግሞ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና፣ አላህ ከፈቀደ እኮ እንዲህ ነው፣ እኔ ምን አልኳችሁ እያለች ቤቱን ዞረችው። መርካቶ የሚነግደው የናጃህ አባት ወሬው በስልክ ሲደርሰው እሱም የድርሻዬን ልወጣ ብሎ፣ ለአጥንት ይረዳል የተባለ የካልሲየም ኪኒን በሚኒባስ ላከ፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚፈላና ብርቱካን ብርቱካን የሚለውን ዓይነት። ጎረቤቱም አልቀረም፤ አንዷ አብሽ በጥብጣ፣ አንዷ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ መጣች። ለናጃህ አጥንት ያልቀረበ ነገር የለም። ናጃህም የመጣላትን ሁሉ ዋጠች።

ጠያቂ ሲገባ ደግሞ ወጉ የታወቀ ነው። «ተሻለሽ?» ይላል፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሎኛል» ይባላል። ናጃህ ከዚህ ሌላ መልስ ሰምታ አታውቅም። አልጋ ላይ ከዋለ የከረመ ሽማግሌ እንኳ እንዲያ ነው የሚለው። እሷም ለመጣው ሁሉ እንዲያው አለች። እጇ ድንዝዝ ማለቱን ከአርብ ከሰዓት ጀምሮ አውቃዋለች። እንዲህ ነው የሚዳነው ማለት ነው ብላ ራሷን አሳመነች እንጂ።

አሁን ግን ቅዳሜ ነው፣ ናዝሬትም የያዘችውን ጣት ለቃ ተነስታ ቆማለች።

«ለእናትሽ እንንገራት።»

«ቆይ እንጂ።»

«ምኑን ነው የምቆየው? ካሳሁንን ታውቂው የለ፣ መናኸሪያ ጋ የሞባይል ካርድ የሚሸጠውን? እጁን ያጣው በስብራቱ እኮ አይደለም። ስብራቱ ላይ ጠብቆ ታስሮበት ነው። እማዬ ናት የነገረችኝ።»

«አታስፈራሪኝ በናትሽ።»

«እኔ ራሴ ፈርቼ ነው እንጂ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም» አለች ናዝሬት።

ናጃህ ነገሩን ልታስረዳት ሞከረች። ናዝሬት ጎረቤት ናት፣ ብዙ ነገር ታውቃለች፤ ይሄኛው ግን የቤት ጣጣ ነው። አክስቷ ያንን እንሰት ነቅላላት በማግስቱ ሆስፒታል ብትሄድ ሰው ምን ይላል? የወጌሻ ከድሮ የገዛ ዘመድ የፈረንጅ መድኃኒት ፍለጋ ሄደች ሊባል ነው። ባሂራስ? ፊቷን እንዴት ታየዋለች? ጋሽ ከድሮ ዛሬ ወይ ነገ ይመጣሉ፤ እሳቸው ሲመጡ ራሳቸው ያላሉታል። ይህን ሁሉ ደርድራ ስታበቃ ለማንም እንዳትናገሪ ማይልኝ አለቻት።

«አልምልም» አለች ናዝሬት። ወጥታም ወደ ቤቷ አልሄደችም። በረንዳው ላይ፣ ጫማዎቹ አጠገብ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች።

ናጃህ ብቻዋን ቀረች። ጣቶቿን አጥፋቸዋለሁ ብላ ታገለች፤ አልታዘዝ አሏት። በግራ እጇ ልታጥፋቸው ስትሞክር ክንዷ ውስጥ እስከ ክርኗ የሚደርስ ነገር ወጋትና ተወችው። ቋጠሮውን አየች። ጋሽ ከድሮ የሚቋጥሩት ማንም የማይቋጥረው ዓይነት ነው፤ አንዴ ከተፈታ መፈታቱ ይታወቃል። በጥርሷ ያዘችውና መልሳ ለቀቀችው። ከዚያ የካልሲየሙን ብርጭቆ በቀኝ እጇ ላንሳው አለች። ጣቶቿ መጨበጣቸውንም አለመጨበጣቸውንም አላወቀችም። ብርጭቆው ወደቀና ውኃው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። በዚህ እጅ ነው የምጽፈው አለች በልቧ፤ በዚህ እጅ ነው ሁሉንም የማደርገው።

እናቷና አክስቷ ሲገቡ ሁለት የጎረቤት ሴቶችም ተከትለዋቸው ገቡ። ባሂራ የቀረውን አምቾ ቀቅላ በሳህን ይዛለች፤ ላዩ ላይ ቅቤ ጣል ተደርጎበታል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በእጇ ቆርሳ ናጃህን አጎረሰቻት። ናጃህ አላመጠች። ሴቶቹ እንደ ምርቃት ነገር እያጉተመተሙ ያዩዋታል።

«ተሻለሽ የኔ ልጅ?» አለች ባሂራ።

መልሱ የታወቀ ስለሆነ ማንም የሚጨነቅ አልነበረም፤ አንደኛዋ ሴትዮ እንዲያውም አሚን ልትል አፏን ከፍታለች። ናጃህ የጎረሰችውን ዋጠች። በበሩ በኩል የናዝሬት ጀርባ ይታያታል።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «ግን አክስቴ፣ ጣቶቼ አይሰሙኝም።»

ባሂራ የሰማችው ነገር ያልገባት መሰለች። ናጃህ እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣችና ዘረጋችላት። ባሂራ ሳህኑን አስቀመጠች፣ ቅቤውን ከእጇ ጠረገች፣ ጣቶቹን በመዳፏ ያዘች። ብዙ ሰው ስትነካ የኖረች ሴት ናት፤ ባሏ ሲያሽ ዘይት የምታቀብለው እሷ ናት። ፊቷ ጠቆረ።

ዘይባ አንዴ ጨርቁን ቁረጡት፣ አንዴ ከድሮ ጋ ደውሉ ትላለች። ባሂራ ማሰሪያውን እኛ አንነካም፣ የሚያውቅ ይንካው አለች፤ ነጠላዋን ግን በሁለት እጇ እየጎተተች ተነስታ ነበር። ናዝሬት ወደ ሆስፒታል የሚወስደን ባጃጅ ልጥራ ብላ በባዶ እግሯ መንገዱ ላይ ደርሳለች። ማንም ሂጂ አላላትም።

ባጃጁ ውስጥ ናጃህ በእናቷና በአክስቷ መሀል ተቀመጠች። መንገዱ ሁሉ ጉድጓድ ሆኖ ያንገጫግጫቸዋል፤ እናቷ ከንፈሯ ሳያርፍ ዱዓ ታደርጋለች። ባሂራ ለራሷ እንደምትናገር ሆና፣ አጥንቱስ ድኗል፣ ሕመሙ ጠፍቶ የለ፣ ይሄ የጣቱ ነገር ሌላ ነው አለች። ወዲያው ደግማ አለችው። ናጃህ አፈር ያልለቀቀውን የአክስቷን እጅ አየች። ሌላ ነው እንዳትል አፏ አልሄደም፤ አይደለም እንዳትልም አሳዘነቻት።

ሆስፒታሉ ውስጥ አንዲት ወጣት ሐኪም ጣቶቹን ገና ስታይ መቀስ አነሳች። ማን እንዳሰረው እንኳ አልጠየቀችም። ጨርቁ ሲቆረጥ የክንዷ ቆዳ ላይ የቀርከሃው ቅርጽ ጠልቆ ቀርቷል። ትንሽ ቆይቶ አውራ ጣቷ ላይ እሳት የነካት ያህል አንድ ነገር ተነሳ። ናጃህ ጮኸች። ሐኪሟ አይዞሽ አለቻትና የሌሎቹን ጣቶች ጫፍ እየተጫነች መብራት ሥር አየቻቸው። ምን እንደበላች፣ ምን እንደጠጣች ጠየቀች። ዘይባ አምቾውንም፣ አብሹንም፣ የአባቷን ኪኒንም ነገረቻት። ሐኪሟ በምግቡ አትጨነቁ፣ አምቾም ካልሲየምም እጇን እንዲህ አያደርጉትም፤ የጎዳት ደሙን የዘጋው ማሰሪያ ነው አለች። ባሂራ ግድግዳውን ተደግፋ ነጠላዋን አጠባበቀች።

«አሁን አንድ ነገር በትክክል ንገሩኝ» አለች ሐኪሟ። «እጇ የደነዘዘው ከመቼ ጀምሮ ነው? ምን እንደምናደርግ የሚወስነው እሱ ነው።»

«ዛሬ ጠዋት ነው» አለች ዘይባ። እሷ የምታውቀው ይሄንኑ ነው።

ሐኪሟ አጠገቧ ወደቆመችው ነርስ ዞር አለች። ባሂራም አንገቷን ነቀነቀች፤ ትናንትማ ድና ነበር ልትል መሆኑን ናጃህ ከፊቷ አነበበች። ዛሬ ጠዋት ከተባለ የአርቡ ደስታ እንደነበረ ይቀራል፤ የእናቷ እንባም፣ የአባቷ ስልክም፣ ያ እንሰትም። ጣቶቿን አየቻቸው። አውራ ጣቷ ይነድዳል። ትንሿ ጣት ግን አሁንም የሌላ ሰው ናት።

«አይደለም» አለች ናጃህ። ሐኪሟ መለስ አለች። ናጃህ አክስቷን እያየች ተናገረች፤ ሌላ ቦታ ብታይ እንደማትጨርሰው አውቃለች።

«ትናንት ከሰዓት ነው። ተሽሎኛል ያልኳችሁ ጊዜ።»