የአብራፊ ዶኮኖ እና ሦስተኛው ፒስተን

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም.፣ በየካቲት ወር መግቢያ፣ ሃርማታን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ከሰሜን አቧራውን፣ ከተቃጠለውም ጫካ ዐመዱን እያመጣ የኩማሲን ከተማ አለበሳት፤ ፀሐይም በቀትር እንደ ጨረቃ በዐይን የምትታይ ሆነች። ናይጄሪያ «ውጡልኝ» ያለቻቸው የጋና ልጆች በአፍላኦ የድንበር ኬላ እንደ ጎርፍ ይገቡ ነበር፤ የኩማሲም ሹፌሮች ወገናቸውን ሊያመጡ በማግስቱ ማለዳ አብረው ሊነሡ ተማምለው ነበር።

ከነዚህ አንዱ በሽምግልናቸው ኦፓኒን የሚባሉት ታዊያ ነበሩ፤ ልጃቸው አብራፊ ነፍሰ ጡር ሆና ኬላው ላይ እንደ ቀረች ቀድመው የደረሱ መንገደኞች ነግረዋቸዋል። የጭነት መኪናቸው ሞተር ግን በሱዋሜ ሠፈር፣ በማስተር ባዱ ዳስ ሥር አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

«ኧረ ክደነውና እንሂድ!» አሉ ኦፓኒን።

ማስተር ባዱ የሠፈሩ መካኒኮች ዳኛ ተብሎ የተሾመ፣ ነገር ካልገባው እህል የማይገባው ሰው ነበር፤ መልስ ሳይሰጥ የብረት ማስመሪያውን በሞተሩ ገጽ ላይ አጋደመ። አንደኛውና ሁለተኛው ፒስተን ሽቅብ ወጥተው ከገጹ ጥቂት ዝቅ ብለው ቆሙ፤ በሦስተኛው ላይ ግን ማስመሪያው ድንጋይ ላይ እንደ ተቀመጠ በርጩማ ተንገዳገደ።

«ኧረ ጉድ! ይኼኛው አንገቱን ያወጣው ምን ሊያይ ነው?» አለ ባዱ፤ ዐይኑ በራ።

«ዘምሞ ይሆናል፤ ጫን በለው» አሉ ኦፓኒን።

ግራውን ተጫነው፤ ቀኙንም ተጫነው፤ ፒስተኑ ወዲያ ወዲህ አለ፤ አናቱን መካከል ላይ ሲለካው ግን አሁንም ብቅ እንዳለ ነው። እንግዲህ ከላይ የሚከደነው ቴስታታ ምን ያህል ቦታ እንደሚተውለት ለማወቅ በመካከላቸው ተጨፍልቆ የሚለካ ለስላሳ ነገር አስፈለገ። የባዱ ዐይን በሽማግሌው ጉያ ባለችው፣ በልጣጭ በተጠቀለለችው የበቆሎ ሊጥ ቅቅል ላይ ዐረፈ።

«ኦፓኒን፣ ከዚያች ዶኮኖ ትንሽ ቆንጥረው ይስጡኝ።»

ሽማግሌው ጥቅሏን ወደ ደረታቸው አስጠጉ፤ ሚስታቸው በቆሎውን ከየደጁ ለምና ለልጇ ያበሰለቻት ናትና። «አብደሃል? በዚህ ረኃብ፣ የልጄን ጉርሻ ብረት ልታጎርስበት?»

«ብረቱ ካልቀመሰ መንገድ ላይ ሆዱ ይፈነዳል፤ አብራፊም ኬላው ላይ ትወልዳለች።»

ኦፓኒን ልጣጩን ፈትተው ከጫፏ ቆነጠሩ።

ባዱ ቁንጣሪዋን ዘይት ቀብቶ በሦስተኛው ፒስተን ላይ ለጠፋት፤ ከቴስታታው ሥር የሚነጠፈውን አዲሱን ጓርኒሲዮን፣ በከተማው ሌላ የማይገኝለትን፣ እንዳያበላሽ አሮጌውን አነጠፈ፤ ቴስታታውን ከድኖ አጠበቀ፤ ሞተሩንም በእጁ ቀስ አድርጎ አዞረ። ከፍቶ ሊጡን በምላጭ ሲቆርጠው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል። ሞተሩ ሲግልና ሲፈጥን ያችም ክፍተት ትጠፋለች፤ ብረት ከብረት ይጋጫል።

«ይህን ፒስተን ከየት አመጡት?» አለ ባዱ።

«ከወንድሜ መኪና። ልክ ነው! ራሴ ለክቼዋለሁ።»

«ወገቡን ለክተዋል፤ ቁመቱንስ?»

ሽማግሌው አናታቸውን አከኩ። «ሱሪም ስገዛ እንዲሁ ነኝ» አሉ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ባዱ የፒስተኑ አናት ወፍራም መሆኑን አይቶ ፈትቶ አወጣውና ብረት ወደሚላጭበት ቶርኖ ቤት ወሰደው፤ ከጓደኞቹ እኩል እስኪሆንም አስላጨው። ያችኑ ሊጥ ደግሞ አድቦልቡሎ ፈተነ፤ አሁን እንደ ሳንቲም ወፍራ ወጣች። የቀሩትንም አንድ በአንድ ፈተነ፤ ኦፓኒን እያጉረመረሙ ጠበቁት። አመሻሹ ላይ ሞተሩ ሳያንኳኳ ሲነሣ ፊታቸውን አዙረው አለቀሱ።

ኦፓኒን ኬላው ላይ ደርሰው ጥቅሏን ሲሰጧት አብራፊ ፈትታ አየችና፣ «አባዬ፣ ማን ነከሰብኝ?» አለች።

«መኪናው።»

ከሌጎስ ከወጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያን ቀን ሳቀች።

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለዚያ ዘመን ስደቱን፣ ረኃቡን፣ ቃጠሎውንም ጻፉ፤ የማስተር ባዱን ስም የጻፈ የለም። አብራፊ ግን ወንድ ልጇን በኩማሲ፣ በእናቷ ቤት ወለደች፤ ካደገም በኋላ ዶኮኖ ባቀረበችለት ቁጥር፣ ሌላው ሰው ለሙታን አያቶቹ እንደሚያደርገው፣ ጫፏን ቆንጥራ ወደ ጎን ታስቀምጥ ነበር።

«ይቺ የማን ናት?» ይላታል ልጁ።

«የመኪናው» ትለዋለች።