የተስተካከለው እርምጃ

ክብሪት የሚሏት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጫር ካደረጓት ትቀጣጠላለች። ያን ቀን ጠዋት ግን የጫራት የምትወደው ሰው ነበር።

በኦንላይን የሚማሩት አኒሜሽን ነው። ሁለት ሁለት ሆነው አንዲት ገጸ ባሕርይ በእግሯ እንድትሄድ እንዲያደርጉ ታዘዙ። ለክብሪት የደረሳት ያው የምትወደው የፎቶ ቤት ሠራተኛ ነው። ከደንበኞች ፊት ላይ ብጉርና ጠባሳ ሲያጠፋ ስለሚውል ክፍሉ «አራሚው» ይለዋል። ወራት ሙሉ በስክሪን ሲሳሳቁ፣ ዝም ብለውም ሲተያዩ ኖረዋል። የሚተዋወቁት ግን ከደረት በላይ ብቻ ነው።

ባልዲ ተሸክማ ግቢ የምታቋርጥ ልጅ ሠራች፤ መስታወት ፊት ራሷ እየተራመደች። ቀኝ እግር ዘግየት ይላል፣ ግራው ፈጠን ብሎ ይቀበለዋል። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትሄደው እንዲህ ነው። «በአፌ መንገር ያቃተኝን በእሷ ይየው» ብላ አስባ ላከችለት።

እሱ ስህተት መሰለው። አቃንቶ አስረከበ።

«ጎሽ! ውሃ የመሰለ አረማመድ» አለ መምህሩ።

ክብሪት ስክሪኑ ላይ ሽው የምትለውን ልጅ አላወቀቻትም። «ማነው የነካት?»

«እኔ ነኝ» አለ አራሚው ፈገግ ብሎ። «አንድ እግሯ ተበላሽቶ ነበር። አትስጊ፣ ለማንም አልናገርም።»

ክፍሉ ሳቀ።

«ተበላሽቶ?»

«እየጎተተች ነበር እኮ። ሰው እንዲህ አይሄድም።»

ከካሜራው ውጪ፣ የክፍሏ በር ላይ የቆመችው እናቷ እጇን አወዛወዘች። «በሞቴ ልጄ፣ እንዳትነሺ!» አለች በሹክሹክታ።

ክብሪት ወንበሩን ገፍታ ተነሣች። እስከ መስኮቱ ሄዳ ተመለሰች፤ ሙሉ ሰውነቷን ሁሉም እያያት።

«ሰው እንዲህ ይሄዳል! አየህ?»

የአራሚው ፊት ደም የሌለው መሰለ። ኮምፒውተሩን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

«ምን አደረግሽ ልጄ! አሁን ሰው ምን ይላል?»

«አንቺም እኮ ስታርሚኝ ነው የኖርሽው እማዬ! ሰው ከጠረጴዛ በላይ ብቻ እንዲያየኝ አድርገሽ!»

እናት የተገፋውን ወንበር ወደ ቦታው መልሳ ወጣች።

አራሚው ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሣችም። «ይቅርታህን ለራስህ! ሥራዬን መልስ» ብላ ጻፈችለት። የድሮው ጠፍቶ ስለነበር ከትዝታው እንደገና ሠርቶ ላከላት። ከፈተችው። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ፣ ቀብር የምትሄድ ትመስላለች። ያኔ ራሷ ደወለች።

«ይቺን ማን ሞቶባት ነው?»

«ያመሻል ብዬ...»

«አያመኝም! ስቸኩል ስንቱን ቀድሜ ነው የምሄደው!»



«እንግዲያው አላውቅሽም ማለት ነው» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «እንዳውቅሽ ፍቀጂልኝ።»

ፎቶ ቤቱ ያለበትን መንገድ ጠይቃ ዘጋችበት።

በማግስቱ ስትወጣ እናቷ ደጃፍ ድረስ ተከተለቻት። «ቀስ ብለሽ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። «እንደምትሄጂው ሂጂ ልጄ።»

አራሚው ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከመንገዱ ጫፍ ሲያያት መንገዷን ሊያሳጥርላት ሮጠ።

«ባለህበት ቁም!»

መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየ። እሱም ቆመ። ክብሪት መንገዱን ሙሉውን ሄደችው፤ ሳትፈጥን፣ ሳትደብቅ። ዓይኑን አልሰበረም። ጣቱ ጭኑ ላይ የእርምጃዋን ምት ይከተል ነበር፤ ረዘም፣ አጠር፣ ረዘም፣ አጠር።

«ትከሻሽ የሚወርደው እግርሽ ገና መሬት ሳይነካ ነው» አለ ስትደርስ። «ልጅቷን ስሠራ ስቼዋለሁ።»

«ብዙ ነገር ነው የሳትከው!»

እጁን ዘረጋ።

«ልትደግፈኝ ከሆነ መልሰው።»

«ልይዝሽ ነው።»

ንዴቷ ገና አልበረደም። እጁን ግን ያዘችው። ጎን ለጎን ተራመዱ። እሱ እግር እግሯን ሲያይ ድንጋይ አደናቀፈው፤ ወደ ኋላም ቀረ።

«ፍጠን እንጂ!» አለችው።