የእሑድ ማለዳው መልእክት

በኮሎምቢያዋ ከተማ በቡካራማንጋ ጫማ የማይሸጥበት መንገድ የለም። የዶን ኤርናን ሱቅ ከሌሎቹ የሚለየው በደንበኞቹ ስልክ ላይ በሚያዘንበው የማስታወቂያ መልእክት ነበር። ላኪዋ የሱቁ ሠራተኛ ኒዲያ ናት።

«ዶን ኤርናን፣ ‹አትላኩብኝ› ያለንን ሰው ወዲያው ከዝርዝሩ ማውጣት አለብን። እሑድ መላክ ደግሞ ጭራሽ በሕግ ክልክል ነው» ትላቸዋለች።

«ሕግ ከእኔ ጫማ ገዝቶ ያውቃል? አንቺ ዝም ብለሽ ላኪ!»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ስልኩን እንደ ድንጋይ ጨብጦ ገባ።

«ኃላፊው ማነው?»

«እኔን ያናግሩኝ ጌታዬ» አለች ኒዲያ።

«አቁሙ ብዬ ደጋግሜ ጻፍኩ! እናቴ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ናት። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከሆስፒታል እየመሰለኝ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። ስከፍተው ‹ነጠላ ጫማ በግማሽ ዋጋ!› ለማን ልግዛው?»

ኒዲያ ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረችና ዓይኑ እያየ ቁጥሩን ሰረዘችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ።»

ያኔ ነው ቀና ብሎ ያያት። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

እናቱ ተሽሏቸው ቤት ሲገቡ ተመልሶ መጣ። ዊልማር ይባላል፤ ጋራዥ ውስጥ የአውቶቡስ ወንበር ልብስ ይሰፋል።

«ያን ዕለት የጮህኩት በአንቺ ላይ አልነበረም።»

«አውቃለሁ።»

«ማወቅሽ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።»

ከዚያ ወዲያ በምሳ ሰዓት በአቅራቢያው መናፈሻ ውስጥ መገናኘት ለመዱ። «እርስዎ» ማለቱን መቼ እንደተወችው እሷም አላስተዋለችም። «ቁጥሬን ልስጥሽ» ሲላት ሳቀች።

«ያንተ ስልክ ከእኛ ሱቅ ያየው ይበቃዋል። በእግርህ ና።»

ገበያ ቀዘቀዘ። ዶን ኤርናን የድሮውን የደንበኞች ቁጥር ከነተሰረዘው መልሰው አስገቡና እሑድ ማለዳ፣ ኒዲያ በሌለችበት፣ ራሳቸው ማስታወቂያ ላኩ። የዊልማር እናት ሕመሙ አገርሽቶባቸው ሆስፒታል የተመለሱት በዋዜማው ነበር። ዊልማር ስልኩ ሲጮህ ከሆስፒታል መስሎት መልእክቱን ሳያነብ በባዶ እግሩ ደረጃውን ወረደ።

ሰኞ ሱቁ በር ላይ ቆመ።

«ዓይኔ እያየ የሰረዝሽው ልትሸነግይኝ ነው?»

«ዊልማር፣ እኔ አልላክሁም...»

ዶን ኤርናን ከጓዳ ብቅ አሉ። «ልጅቷ ተሳስታ ነው። የምትልከው እሷ ናት።»

ዊልማር አንዴ አያትና ሄደ።

ኒዲያ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ቁጥሩ ተመልሶ እዚያው ተደርድሯል። አንዲት መስመር ብትጽፍለት ነገሩ ሁሉ ይገለጥ ነበር። ቁጥሩን እንደገና ሰረዘችው።

«እውነቱን ይንገሩት» አለቻቸው።

«ለአንድ ወንበር ሰፊ ብዬ? ሥራሽን ሥሪ!»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ጋራዡ ሄዳ ብትጠይቅ የሥራ ባልደረባው ዊልማር ሆስፒታል መሆኑን ነገራት። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር አግኝታ ተቀመጠች። ዊልማር ከእናቱ ክፍል ሲወጣ አያትና ፊቱን አዞረ፤ ግን አልሄደም።

«የላኩት ዶን ኤርናን ናቸው» አለችው።

«ታዲያ ለምን አልጻፍሽልኝም? ቁጥሬ እጃችሁ ላይ ነው።»

«እሱን ለሱቁ ነው የሰጠኸው። እኔ ከአንተ አልተቀበልኩትም።»

የዊልማር ንዴት ከትከሻው ሲወርድ ይታያል። አጠገቧ ተቀመጠ። በኋላ እጇን ይዞ ወደ ክፍሉ አስገባት።

«ማናት?» አሉ እናቱ በደከመ ድምፅ።

«ዛሬ ሥራዬን የለቀቅሁ ሰው ነኝ፣ እማማ» አለች ኒዲያ።

«እንኳን ለቀቅሽ። ይሄ ልጅ ብቻውን ሲቀመጥ ያስጨንቀኛል» አሉና፣ እግራቸውን በቀስታ ሰብስበው አልጋው ጠርዝ ላይ ቦታ ለቀቁላት።