የማክሰኞው ዘጠና አምስት

ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ነበር። ጸሐፊ የግድግዳውን ሰዓት አይታ ደብተሩ ላይ አሰፈረችው። አሰልጣኙ ከእያንዳንዱ ከባድ ክብደት በፊት ሰዓቱ እንዲጻፍ ይፈልጋሉ። እህቷ ፎጣ ራሷ ላይ ጥላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ውድድሩ ቅዳሜ ነው። አራት ቀን ቀርቶታል።

«ጨረስሽ?» አሉ አሰልጣኙ።

«ጨርሻለሁ፣ ጋሼ።»

«ጉንዳን፣ ተነሽ እንግዲህ።»

ጉንዳን የሚሏት አጭር ስለሆነችና ከራሷ ክብደት በላይ ስለምታነሳ ነው። ታናሽ እህቷን ደግሞ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ደብተር ስለያዘች ጸሐፊ አሏት። አሁን አሥራ አምስት ሞልቷታል። አዳራሹ ውስጥ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት የለም።

እህቷ ፎጣውን ጣለች። እጇን ጠመኔው ሳጥን ውስጥ ከታ አንዴ አጨበጨበች፤ ነጭ ብናኝ ተነሳ። ጎንበስ ብላ ብረቱን ያዘች። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ትዘገያለች፣ ዛሬ ግን አልዘገየችም። ብረቱ ጭኗን ታክኮ ሽቅብ ተመዘዘና እሷ ከሥሩ ቁጢጥ ብላ፣ ክንዶቿን ዘርግታ ተገኘች። ከዚያ ቆመች። ስትለቀው ወለሉ ተንቀጠቀጠ። አዳራሹ ከስታዲየሙ መቀመጫዎች ሥር ስለሆነ ከጣሪያው ሁልጊዜ ትንሽ አቧራ ይወርዳል።

«ስንት ነው?» አለች እያለከለከች።

በመጨረሻው ሳምንት ደንቡ እንዲህ ነው። አንሺዋ ቁጥሩ አስቀድሞ አይነገራትም። ብረቱ ላይ ክብደት የሚሆኑትን ዲስኮች የምትደረድረው ጸሐፊ ናት፤ እህቷ ግድግዳ ታያለች። አሰልጣኙም ወደ ብረቱ አይመለከቱም። «እኔ የማየው ጉልበቷንና ክርኗን ነው፣ ብረቱ የትም አይሄድብኝም» ይላሉ። ቁጥሩ የሚታወቀው ከተነሳ በኋላ፣ ከደብተሩ ተነቦ ነው።

«ዘጠና አምስት» አለች ጸሐፊ።

እህቷ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና ሳቀች። ከስንት ሳምንት በኋላ የተሰማ ሳቅ ነበር።

«ቀለለኝ እኮ። ጋሼ፣ እውነቴን ነው፣ ቀለለኝ።»

ይህ ከወለል ተነስቶ ሳያቋርጥ ከራስ በላይ የሚደርሰው፣ ስናች የሚሉት ነው። በሌላው፣ መጀመሪያ ትከሻ ላይ በሚያርፈው ዓይነት ማንም አይቀድማትም፤ ወደ ኋላ የሚያስቀራት ይሄ ነው። ለኦሎምፒክ የሚመረጡት ሦስት ሴቶች ናቸው፣ የመጨረሻው ማጣሪያም የቅዳሜው። እሷ ግን ስድስት ሳምንት ሙሉ ዘጠና ሁለትን ስትጥል ከርማለች። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ዘጠናም ከብዷት ነበር።

አሰልጣኙ አፋቸውን በመሐረብ ይዘው ሳሉ። «እንግዲያው በዘጠና አንድ እንከፍታለን» አሉ። «በሰማንያ ስድስት ነበር ያሰብኩት።»

ጸሐፊ ያንንም ጻፈች። መድረኩ ላይ ሦስት ዕድል ብቻ አለ። በአንድ ክብደት ከጀመሩ በኋላ ዝቅ ማለት አይቻልም። ሦስቱንም የጣለ ደግሞ ስሙ ከዝርዝሩ ይወጣል፣ እንዳልመጣ ይቆጠራል።

* * *

ረቡዕ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ የሰፈሩ መካኒክ ከጋራዡ በር ላይ ጠራት። የዘይት ጨርቅ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል።

«አንቺ ልጅ፣ ብረቶችሽን አትወስጂም እንዴ? ልሸጣቸው ነው።»

«የቱን ብረት?»

«እነዚህን ነዋ። ሰኞ ማታ ብሎኑ አልዞር አለኝ ብለሽ የጣልሽብኝን። እንደ ቅቤ አድርጌልሻለሁ።»

ሁለቱን ቀለበቶች ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት። ክብደታቸው የጸሐፊን እጅ ወደ ታች ሳበው።

«ከሰኞ ጀምሮ እዚህ ናቸው?»

«ታዲያ የት ሊሄዱ ነው? እግር አላቸው?»

ዲስኮቹ ከብረቱ ጫፍ እንዳይወጡ የሚያጠብቋቸው የውድድር ቀለበቶች ናቸው። እያንዳንዱ ሁለት ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ ሁለቱ አምስት ኪሎ ሆነው ከክብደቱ ጋር ይቆጠራሉ። በሌላው ጊዜ አዳራሹ ውስጥ የሚጠቀሙት ምንም የማይመዝን የሽቦ ማያያዣ ነው። አሰልጣኙ ግን ሁሉም ነገር ውድድሩን እንዲመስል ብለው፣ በመጨረሻው ሳምንት ከባዶቹን ያስገጥማሉ፣ በዕቅዱ ላይም ይደምሯቸዋል። ማክሰኞ ጸሐፊ ዲስኮቹን በዕቅዱ መሠረት ደረደረች። ከዚያ እጇ ሦስት ዓመት ሙሉ ወደለመደው መሳቢያ ሄደና ሽቦውን አወጣ። ደብተሩ ላይ ግን የዕቅዱን ቁጥር ጻፈች።

ብረቱ አሥራ አምስት፣ ዲስኮቹ ሰባ አምስት። እዚያው ጋራዡ በር ላይ ቆማ ደመረችው። ዘጠና። ሁለተኛም ደመረችው።

በእረፍት ሰዓት ለጓደኛዋ ነገረቻት። ጓደኛዋን ራዲዮ ይሏታል፤ መዝጊያው የጠፋበት ራዲዮ።

«አታካብጂ» አለች ራዲዮ። «አምስት ኪሎ ምን አላት? የእኔ ቦርሳ ከዚያ በላይ ነው።»

«ለእሷ አምስት ኪሎ ማለት ሁለት ዓመት ነው።»

ራዲዮ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። «እና ከአሁን በኋላ ዘጠና አምስት ታነሳለች? ከቅዳሜ በፊት ማለቴ ነው።»

«አታነሳም። ከማክሰኞ በኋላ ከባድ የለም። ቀላል ቀላል ብቻ እየነካካች ታርፋለች።»

«በቃ፣ ማንም አያውቅም። ዝም በይ። ዘጠና አምስት አነሳሁ ብላ ካመነች ታነሳዋለች። ሁሉም ጭንቅላት ነው።»

«አንቺ ሒሳብ እደፍናለሁ ብለሽ አምነሽ ስንት አመጣሽ?»

«ሠላሳ አንድ። እሱን ተይው፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።»

ጸሐፊ ልትስቅ ሞከረች፣ አልመጣላትም።

* * *

ቤት ስትደርስ እህቷ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተጋድማ እግሮቿን ግድግዳው ላይ ሰቅላለች። ከንፈሯ ደርቋል። ጎኗ ያለው ኩባያ ውስጥ ሦስት ቁራጭ በረዶ አለ፤ አንዱን አፏ ውስጥ ታሟሟለች። ምድቧ እስከ ሃምሳ ዘጠኝ ኪሎ ነው፣ ጠዋት ሚዛኑ ሃምሳ ዘጠኝ ከሰባት መቶ ግራም ብሏታል።

እናታቸው የተቀቀለ እንቁላል ይዛ መጣች፣ ለሁለት የተከፈለ።

«ግማሹ ይበቃኛል፣ እማ።»

«ሰው ልጁን ብላ እያለ ይለምናል፣ እኔ እንቁላል በቢላ እየሰፈርኩ አበላለሁ። ቅዳሜ ይለፍና የምሠራሽን አውቃለሁ።» ሌላውን ግማሽ ለጸሐፊ ሰጥታት ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።

እህቷ የመዳፏን ጠንካራ ቆዳ በድንጋይ እየፈገፈገች ነበር። ቆዳው ወፍሮ ከተተወ ብረቱ ገንጥሎት ይወጣል፣ አብዝተው ከፋቁትም ያቃጥላል። ሁልጊዜ ከውድድር በፊት ስታደርገው ቀስ ብላ፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ነው። ድካሙ ፊቷ ላይ ብቻ ሳይሆን ጣቶቿ ላይም ይታያል።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለእማ እንዳትነግሪ» አለች። «ሰኞ ዕለት ልተወው ነበር። ለጋሼ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ ስትጥዪ ሰውነትሽ የሰው ይመስልሻል፣ ታውቂያለሽ? ማክሰኞ ነው ያዳነኝ።»

ጸሐፊ የቦርሳዋን ማንገቻ ጨበጠች። ቀለበቶቹ ውስጡ አሉ።

«እስቲ ደብተሩን አምጪው።»

ሰጠቻት። እህቷ በእግሯ ግድግዳውን እንደገፋች ደብተሩን ከፊቷ በላይ ከፍታ ያዘችው። የማክሰኞውን መስመር በጠመኔ በነጣ ጣቷ ነካችው።

«ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር» አለች። «ያንቺ እጅ ጽሑፍ ስለሆነ ነው።»

ጸሐፊ አፏን ከፈተች። እህቷ ግን ዓይኗን ጨፍና ነበር። ደብተሩ ደረቷ ላይ ወርዶ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል።

* * *

ሐሙስ ከእህቷ ቀድማ አዳራሹ ደረሰች። አሰልጣኙ ብቻቸውን ነበሩ፣ የፕላስተር ጥቅል ጫፉን በጥፍራቸው እየፈለጉ። ቀለበቶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ሲሰሙ አላቋረጧትም። ስትጨርስም አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ተገልብጦ መቀመጫ በሆነው ሳጥን ላይ ቁጭ አሉ።

«ለእሷ ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም።»

«እንግዲያው አትንገሪያት። ቅዳሜ ሚዛን ላይ ስንቀርብ መክፈቻውን ሰማንያ ስድስት ብዬ እሞላለሁ። ሌሎቹን ለማዘናጋት ነው እላታለሁ፣ ታምነኛለች። ይሄን ያህል ዘመን የሠራሁት ሥራ ነው።»

«ሦስተኛው ላይስ? ዘጠና አምስት አድርጉልኝ ብትልስ?»

አሰልጣኙ ጥቅሉን እንደገና አዟዟሩት። የፕላስተሩን ጫፍ አሁንም አላገኙትም። ጸሐፊ ጎንበስ ብላ ስታይ ጫፉ ከአውራ ጣታቸው አጠገብ፣ ተነስቶ ቆሟል። ወስዳ ላጠችላቸው።

«ጋሼ፣ ማክሰኞ ሽቦው መሆኑን አላዩም?»

ሳል መጣባቸው፣ አሳለፉት።

«ጉልበቷን አየዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እስከዚያ ድረስ አያለሁ። የብረቱ ጫፍ ላይ ያለው ከዓመት በፊት ነው ከዓይኔ የጠፋው። ለማንም አልተናገርኩም። ከተሰማ ቅዳሜ ከእሷ ጋር የሚቆመው ሌላ ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ አያውቃትም። ስለዚህ ስህተቱ ያንቺ ብቻ አይደለም፣ ጸሐፊ። ወደ ቤትሽ ይዘሽው አትሂጂ።»

በሩ ተከፈተ። እህቷ ላብ እንዲያወጣት የላስቲክ ጃኬት ደርባ፣ ጫማዋን በክሩ አንጠልጥላ ገባች። «ምነው፣ ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት?» ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፎጣውን ራሷ ላይ ጣለች።

አሰልጣኙ ወደ ጸሐፊ አልተመለከቱም። ወይ አላዩዋትም፣ ወይ ላለማየት መረጡ።

ደብተሩን የሰጧት ዕለት የነገሯት ደንብ አንድ ብቻ ነበር። እዚህ ላይ አይፋቅም። ከተሳሳትሽ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ አንድ መስመር ታሰምሪበታለሽ፣ እውነተኛውን ከጎኑ ትጽፊያለሽ። ጸሐፊ የማክሰኞውን ገጽ ከፈተች። ዘጠና አምስት ላይ አንድ መስመር አሰመረች። ከጎኑ «90፣ ቀለበቶቹ አልነበሩም» ብላ ጻፈች። ሄዳ ደብተሩን ከፎጣው ሥር፣ እህቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

ፎጣው ወደ ደብተሩ ዘንበል አለ። የግድግዳው ሰዓት ይሰማል። ከላይ መቀመጫዎቹን የሚጠርግ ሰው መጥረጊያ ይሰማል።

«ዘጠና?» አለች እህቷ።

«ዘጠና። የእኔ ጥፋት ነው። ቀለበቶቹን ጋራዥ ረስቻቸው ነበር።»

«ትናንት ደብተሩን ስትሰጪኝ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

ጸሐፊ ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ቀብራ ጠበቀች። እህቷ ፎጣውን አወረደች፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን ያየችው ወደ አሰልጣኙ ነበር።

«ታዲያ ለምን ቀለለኝ? ባለፈው ሳምንት ይሄው ዘጠና አይደል እንዴ ወገቤን የቆረጠው?»

አሰልጣኙ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። «ስላረፍሽ ነዋ» አሉ ቀስ ብለው። «ለዚህ እኮ ነው የምናሳርፍሽ።»

እህቷ የማክሰኞውን መስመር ሌላ ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ደብተሩን አጥፋ ለታናሽ እህቷ መለሰችላትና ጫማዋን ማሰር ጀመረች። ጣቶቿ ቀስ ይሉ ነበር።

«ቀለበቶቹን ግጠሚ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ቅዳሜ በሰማንያ ስድስት ከፈተች። ከዚያ ዘጠና፣ ከዚያ ዘጠና ሦስት አነሳች፤ በሕይወቷ በስናች ያነሳችው ትልቁ ነበር። በሁለቱ ዓይነት ድምር አራተኛ ወጣች። የተመረጡት ሦስት ናቸው። አሰልጣኙ በዓመቱ አረፉ። ደብተሩ ላይ ከዘጠና ሦስቱ አጠገብ ፊርማቸው አለ፣ ከመስመሩ ወርዶ፣ ባዶው ቦታ ላይ።