ቀለም የማይቀባበት አገር

ሰኔ ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. ሰቆጣ ላይ አሥራ አንድ ሰዎች ከግድግዳ ፊት አሰልፌ ማስረጨት ከጀመርሁ ዘጠኝ ቀን ሆኖኝ ነበር። ሥራዬ የወባ መከላከያ ረጪዎችን ማሠልጠን ነው። ለልምምድ የምንረጨው ኖራ የተበጠበጠበት ውኃ ስለሆነ፣ መርጫው ያለፈበት ቦታ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። ስሕተት አይደበቅም። በየቀኑ የምንረጨው ያልተረጨ ቦታ ላይ ነው፤ ቀኑ ሲያልቅ የዕለቱን ከዳር እስከ ዳር እየለካሁ፣ ሳይረጭ የተዘለለውን በደብተሬ እመዘግባለሁ። በዘጠነኛው ቀን የተዘለለው ከመጀመሪያው ቀን አላነሰም።

«እያንዳንዱ መስመር በፊተኛው ላይ አምስት ሳንቲሜትር ይደረብ» አልሁ። ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ።

«ሳንቲሙንስ እናውቀዋለን፣ ጌታዬ» አለ ደጅይጥኑ፤ ከሠልጣኞቹ ሁሉ ምላሱ የማያርፍ እሱ ነው። «ያስቸገረን ሜትሩ ነው።»

ሌሎቹ በአገራቸው ቋንቋ በኸምጣኛ አንድ ነገር ተባብለው ሳቁ። በአማርኛ ተናገሩ ብዬ ለመቆጣት እንኳ ደከመኝ።

ድካሙ የዚያ ሳምንት ብቻ አልነበረም፤ ከአምና የመጣ ነው። አምና ካሠለጠንኋቸው ሁሉ የሚበልጠው ምትኩ የሚባል ከጽጽቃ በታች ካለች የቆላ መንደር የመጣ ሰው ነበር። አገሩ መድኃኒቱን ስለፈራ፣ ምትኩ ሰው እንዲያምን ብሎ በነሐሴ መጀመሪያ የረጨው የገዛ እኅቱን የይታየሽን ቤት ነው። ከዚያ በኋላ መንደሩ ሁሉ በሩን ከፈተለት።

በጥቅምት ንዳድ ገባ። በይታየሽ ቤት አራት ሰው ተኛ፤ የሦስት ዓመት ሴት ልጇ ሞተች።

በኅዳር ልመረምር ወረድሁ። መድኃኒቱ ዲዲቲ የተረጨበት ግድግዳ ለወራት ነጭ ዱቄት ይታይበታል፤ የወባ ትንኝ የምትሞተው እሱ ላይ ስታርፍ ነው። በይታየሽ ቤት ከወለል እስከ ጣሪያ አንዲት ነጭ ነጥብ አጣሁ። ሌሎቹም ቤቶች እንደዚያው ነበሩ።

«ረጭቻለሁ» አለኝ ምትኩ።

«ነጩ የታለ?»

በደብተሬ «ረጪው መድኃኒቱን አልረጨም» ብዬ ጻፍሁና ከሥራ አስወጣሁት። አገሩም የራሱን ፍርድ ጨመረበት። መድኃኒቱን ሸጦ ለእኅቱ ልጅ ውኃ ረጨ ተባለ። ይታየሽ በሯን ዘጋችበት።

ወደ ሰቆጣው ግድግዳ ልመለስ። በአሥረኛው ቀን የምንለማመድበት ቤት ባለቤት ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ከእበት ጋር የተቦካ አፈር ይዘው ግድግዳውን ሊለስኑ መጡ።

«ዛሬስ ልቀቁልኝ» አሉ። «ነገ ሰኔ ሚካኤል ነው፤ ማኅበርተኛው እዚህ ነው የሚቀመጠው። ግድግዳዬን የነብር ቆዳ አስመሰላችሁት።»

«እማማ፣ የዛሬውን ገና አልለካሁትም።»

«ዘጠኝ ቀን ለካኸው። ምን ጨመረልህ?»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ፤ ሠልጣኞቹም አብረውኝ ተቀመጡ። ከልማድ የተነሣ የሴትዮዋን እጅ መከተል ጀመርሁ። ከላይ ይጀምራሉ። መዳፋቸው እስከ ወለሉ በአንድ ፍጥነት ይወርዳል፤ አይቸኩልም፣ አይቆምም። ቀጥለው ወደ ላይ ሲመለሱ ግን አዲስ ቦታ ላይ አያሳርፉትም። አስቀድሞ ከተለሰነው ላይ ሁለት ጣት ያህል ገብተው ይነሣሉ። ሃያ ጊዜ ቆጠርሁ። ሃያውንም ጊዜ ሁለት ጣት ነበር።

«ለምንድን ነው ወደ ኋላ የሚመለሱት?» አልኋቸው።

«ካልተመለስሁ መጋጠሚያው ይሰነጠቃላ። በስንጥቁ ትኋን ይገባል።»

ወደ ሠልጣኞቹ ዞርሁ። «ይህን አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

«እናቴ ስትለስን ሁልጊዜ እንዲህ ናት» አለ ደጅይጥኑ። «እኔም አግዣታለሁ።»

«ታዲያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምነው ዝም አልኸኝ?»

«እርስዎ የጠየቁን ሳንቲሜትር ነዋ።»

አነሣሁት። መርጫውን አሸክሜ በጎን ባለው ግድግዳ ላይ «እንደ እናትህ ልሰን» አልሁት። ከላይ እስከ ታች ረጨ፤ ሁለት ጣት ወደ ኋላ ገባ፤ ደግሞ ረጨ። አንድም የተዘለለ አልነበረም። ዘጠኝ ቀን የደከምሁበትን ነገር ሰውዬው ከቤቱ ይዞት ኖሯል። የሚጠይቀው ነው ያጣው።

ደስ ብሎኝ ላወዳድር ወደ ፊተኛው ግድግዳ ዞር ስል ግን ደስታዬ እዚያው ቀረ። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል እስከ እኩሌታው ደርሰዋል። እጃቸው ባለፈበት ሁሉ የዘጠኝ ቀን ነጭ ኖራ የለም። ግድግዳው ጨርሶ ያልተረጨ ይመስላል።

«እማማ» አልሁ። «በቆላ ያሉ ሴቶችም ይለስናሉ?»

«ምን ነካህ? ባልተለሰነ ቤት መስቀልን የምትቀበል ሴት የት አየህ?»

«መድኃኒት ተረጭቶበት ቢሆንስ?»

«ከተዥጎረጎረማ ይብሱን ይለሰናል።»

ክፍሌ ገብቼ የማሠልጠኛውን መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ ከፈትሁ። «ግድግዳው ከተረጨ በኋላ ለስድስት ወር ቀለም እንዳይቀባ ለባለቤቶቹ ይነገር» ይላል። ከጎኑ በራሴ እጅ የተጻፈ አለ፦ «ለዚህ አገር አያስፈልግም። ቀለም የሚቀባ የለም።» ያን ገጽ አላስተማርሁም። ጊዜ ያተረፍሁ መስሎኝ ነበር።

ሚካኤል በዋለ ማግሥት ደጅይጥኑን አስከትዬ ወደ ምትኩ መንደር ሁለት ቀን ተጓዝሁ። ምትኩን ከእርሻው አስጠራሁት። መጣ፤ ነገር ግን ከእኅቱ አጥር ውጭ ቆሞ ቀረ። ሊገባ አልደፈረም።

እኔ ገባሁ። ይታየሽ እያየችኝ ከኪሴ ቢላዋ አውጥቼ የጓዳውን ግድግዳ በቀስታ ፋቅሁ። አፈሩ እንደ ቅርፊት ተነሣ። ከሥሩ ነጭ ነው። ሦስት ክንድ ርቄ ፋቅሁ፤ ነጭ ነው። በሩ አጠገብ ፋቅሁ፤ ነጭ ነው።

ይታየሽ ወደ ግድግዳው ቀረበች። «የለሰንሁት እኔ ነኝ» አለች። «ለመስቀል ቤቱ እንዲያምር ብዬ። መድኃኒቱ ወደ ውስጥ የሰረገ መስሎኝ።»

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ እኅቴ። ከተረጨ በኋላ ግድግዳው እንዳይቀባ ለባለቤቱ ይነገር የሚል ተጽፎ ነበር። ለወንድምሽ አላስተማርሁትም፤ እሱም የማያውቀውን አልነገረሽም።»

ወደ በሩ ሄደች። «ምትኩ» ብላ ተጣራች። «ና ግባ።»

ገባ። እኔን አላየኝም። ነጩን በጣቱ ነካ፤ ጣቱን አገላብጦ አየ።

«ጌታዬ» አለ፣ «በኅዳር ቢላዋ አልነበረዎትም?»

ነበረኝ። ያው ቢላዋ፣ በዚያው ኪሴ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር፤ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ጠብቄ ተናገርሁ። ብዙዎቹ አዛውንት አማርኛ ስለማይገባቸው ወደ ኸምጣኛ የሚመልስልኝ ምትኩ ነበር። ስለ ትንኝዋ፣ ስለ ዱቄቱ፣ መጀመሪያ ተለስኖ ከዚያ ስለመረጨቱ፣ ምትኩን ያለ በደሉ ስለ ማባረሬ ረጅም ንግግር አደረግሁ። ምትኩ ያን ሁሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን አልሃቸው?» አልሁት።

«"ከተረጨ በኋላ አትለስኑ፤ አምና ያጠፋው ይህ ሰው ነው" አልኋቸው። ሌላውን ቀነስሁት።»

ያን ክረምት ምትኩ የረጪዎቹ አለቃ ሆነ። ሥራውን ሲቀበል ደስታ አላየሁበትም፤ እንዲያው እሺ አለ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት የሚሰጡት ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ናቸው። እሳቸው ግድግዳ ይለስናሉ፤ ሠልጣኞቹ ያያሉ፤ እኔም ደብተሬን አጥፌ አያለሁ።

እናንተም በየመሥሪያ ቤቱ ሰው የምታሠለጥኑ ሁሉ፣ መጽሐፉን ናቁት አልላችሁም። እስከ መጨረሻው ገጽ አስተምሩት። ነገር ግን የምታሠለጥኑት ሰው ከቤቱ ይዞት የመጣ እጅ አለው፤ መጀመሪያ እሱን እዩ። መጽሐፉ «ቀለም» ሲልም፣ በዚህ አገር ቀለሙ ምንድን ነው ብላችሁ የቤቱን እመቤት ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ አንድ ዓመት አለፈ። ለእኔ አንድ ዓመት አጭር ነው። የይታየሽ ልጅ ግን በጠቅላላው የኖረችው ሦስት ብቻ ነበር።