በተዘጋው ክፍል የሚበራው ስክሪን

ኮምፒውተር ጠጋኙ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሲሄድ አራተኛ ቅዳሜው ነበር። ያልጠገነው ነገር የለም ሲባል እሱም ሳያፍር ያምናል። የእሷ ኮምፒውተር ግን ጉድ ሠራው።

ኮምፒውተሩ የሟች ባሏ ነው፤ ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት የተጫነበት፣ ሁሉ ነገር የተቆለፈበት። ባሏ ከሁለት ዓመት በፊት ሊሞት ሲል «ደብዳቤ ጽፌልሻለሁ» ብሎ የይለፍ ሐረጉን በጆሮዋ ነግሯታል። ሐረጉን አልረሳችም። ችግሩ፣ ደብዳቤው ያለበትን ፋይል ስትከፍት ሐረጉን የሚጠይቃት ትንሽ መስኮት ብቅ አይልም። አንድ ደቂቃ ይቆይና «ሐረጉ አልተሰጠም» ብሎ ይዘጋል። መልሱን ይዛ ጠያቂ አጣች።

ጠጋኙም ጭንቅ ላይ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት «አግቢኝ» ቢላት ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ «እሱ የጻፈልኝን ሳላነብ መልስ የለኝም» ብላዋለች። እናም ሰውዬው ምናልባት «ሌላ እንዳታገቢ» የሚል ደብዳቤ ለመክፈት ላቡን ያንጠፈጥፋል። ፍቅር እንዲህ ያጃጅላል።

መስኮቱን የሚያወጣውን ፕሮግራም አጥፍቶ እንደገና ጫነው።

«እስቲ ሞክሪው» አላት።

ሞከረች። ምንም የለም።

የሟች እናት ከጓዳ ብቅ አሉ። «ልጄ ደግሞ ተጣራ» አሉ፣ የተዘጋውን በር እያዩ። ልጃቸው ታሞ የሞተበት ክፍል ነው፤ ከቀብሩ ወዲህ ማንም አልገባበትም።

«እማማ፣ ይተዉ እንጂ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከዚያ ወደ ጠጋኙ ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንተ በመጣህ ቁጥር እንዲህ ይላሉ። እሱ የጠላህ እየመሰለኝ ፈራሁ።»

ጠጋኙም ፈራ። ቢሆንም ጠየቀ።

«እማማ፣ ምን ዓይነት ድምፅ ነው የሚሰሙት?»

«ጢን ይላል፣ አንዴ ብቻ። ስነግራችሁ እብድ አደረጋችሁኝ እንጂ።»

ጠጋኙ ተንበረከከና ከኮምፒውተሩ ጀርባ የወጣውን ገመድ በጣቱ ተከተለ። አራት ቅዳሜ ሙሉ የመብራት ነው ብሎ ያለፈው ገመድ ግድግዳውን አልፎ ወደዚያ ክፍል ይገባል።

«እዚያ ሌላ ስክሪን አለ እንዴ?»

«አልጋው አጠገብ። መነሳት ሲያቅተው እዚያው ሆኖ ይሠራ ነበር።»

«ጥያቄው እዚያ እንዲወጣ አድርጎታል በቃ! እኛ እዚህ ስንጠብቅ መስኮቱ እዚያ ይወጣል።» የአሮጊቷን ቃል የሐዘን ቅዠት ማለቱ አሳፈረው። «ከፈለግሽ ወደዚህኛው ላዙረው። አንድ የትእዛዝ መስመር መቀየር ነው፤ በሩን መክፈት የለብሽም።»

ከወንበሯ ተነሳች።

«አይ» አለች። «የጠየቀኝ እዚያ ነው።»

ቁልፉን ከክር ሣጥኗ አወጣች፤ ፋይሉን እንደገና ነክታ በሩን ከፈተች። ክፍሉ የከረመ የመድኃኒት ሽታ ነበረው። አቧራ በለበሰው ስክሪን ላይ ትንሿ መስኮት ልክ ሰው እንደሚጠብቅ በርታ ነበር። ጠጋኙ ደፉ ላይ ቀረና ፊቱን አዞረ፤ ደንበኛ የይለፍ ቃል ሲጽፍ አያይም። የኪቦርዱን ድምፅ ሰማ። ከዚያ ትንፋሿን ብቻ።

«ምን ይላል?» አሉ እናትየው።

«‹ከእኔ በኋላ አንቺ› ይላል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የለም እማማ። አልጨረሰውም።»

እናትየው በሩን ተደግፈው አለቀሱ። ልብስ ሰፊዋ አላለቀሰችም። አቅፋቸው ቆየችና ወጥታ የጠጋኙን ትከሻ ነካች።

«ነገ ትመጣለህ?»

«ተሠራ እኮ። ምን ልሠራ?»

«ለኮምፒውተሩ መቼ አልኩህ?»

ከተጋቡ ሦስት ዓመት ሆናቸው። እማማ አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ቤቱም ሳቅ አያጣውም። ብቻ አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስትሰፋ የስፌት መኪናው ድንገት ቀጥ ይላል፣ ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል። ያችን የደብዳቤውን ዓረፍተ ነገር እየጨረሰቻት እንደሆነ ጠጋኙ ያውቃል። ሚስቱን ከልቡ ይወዳታል፤ ምን ብላ እንደምትጨርሳት ግን እስከ ዛሬ መጠየቅ ይፈራል።