የአሰልጣኙ ትንሽ ሳህን

አሰልጣኙ የሞቱት ሁለተኛው ጎል በገባ ጊዜ ነው። ክፍሉ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ አራት ሰዎች ነበሩ፤ አራቱም ቆመው ይጮኹ ነበር። ጮኸው ሲቀመጡ የአሰልጣኙ ፊት ጠቁሯል፤ ጭንቅላታቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል፤ ግራ እጃቸው የወንበሩን ክንድ እንደ ጨበጠ ቀርቷል። ጭናቸው ላይ በብርድ ልብሱ መሐል ትንሿ ሳህን ተቀምጣለች። ግማሹ ተበልቷል።

ከስድስት ዓመት በፊት ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ወስዶባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጉሮሯቸው ሰነፍ ሆነ፤ የላመና የቀጠነ ካልሆነ አይውጡም። ስለዚህ ሐኪሙ «ትን ብሏቸው ሞቱ» ብሎ ፈርሞ ጉዳዩን መዝጋት ይችል ነበር። ነገር ግን ከጉሮሯቸው ያወጣው ነገር ከመቆንጠጫው አልላቀቅ አለው። ድንች ነው፤ ሲጎትተው እንደ ማስቲካ ይሳባል። ሐኪሙ ወረቀቱን ሳይፈርም ስልኩን አነሳ።

እሑድ ጠዋት ኢንስፔክተሯ መጣች። አጠር ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ወንበር ሲሰጧት ሁልጊዜ ዝቅተኛውን የምትመርጥ ሴት ናት። ሰውን «በስንት ሰዓት ነበር?» ብላ አትጠይቅም። «የት ተቀምጠህ ነበር?» ነው የምትለው። ሰው ሰዓቱን ይረሳል፤ አጠገቡ ማን እንደ ነበር ግን ትከሻው ያስታውሰዋል ብላ ታምናለች።

መጀመሪያ የገባችው ወጥ ቤት ነው። ወጥ ቤቱ ከሳሎኑ ጀርባ፣ ከጠባብ ግቢ ማዶ፣ ለብቻው የተሠራ ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ ለእንግዶች የቀረበው የድንች ማጥቀሻ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን እንደ ተከደነ አድሯል። ድንቹ በሹካ ነው የተፈጨው። ቅቤ፣ እርጎ፣ የተፈጨ ፎርማጆና የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል፤ ላዩ ላይ የሽንኩርት ቅጠል ተነስንሷል። ኢንስፔክተሯ በቁራሽ ዳቦ አጠቀሰችና ቀመሰች። ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል፤ አፍ ውስጥ ይበተናል። ቀጥላ ፖሊስ ካሸገበት ፌስታል ውስጥ የአሰልጣኙን ትንሽ ሳህን አውጥታ ማንኪያ ሰደደችበት። ማንኪያው ሲነሳ ከድንቹ ረጅም ክር ተከትሎት ወጣ።

ከምድጃው በላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል።

«የአባዬ ምግብ። ድንቹ እስኪፈርስ ይቀቀል። በትኩሱ በወንፊት ይጥለል። ከማንኪያ እንዲፈስ በሞቀ ወተት ይቅጠን። ብሌንደር በጭራሽ። ብሌንደር የመታው ድንች ሙጫ ይሆናል፤ ያንቃቸዋል።»

«ብሌንደር በጭራሽ» የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ብሌንደሩ ታጥቦ ተደፍቷል። ኢንስፔክተሯ የታችኛውን ክፍል ፈታ ጎማውን አወጣችው። ዙሪያውን ነጭ ነገር ጋግሮበታል። በጥፍሯ ብትፍቀው አልለቀቀም።

«ወረቀቱን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች በሩ ላይ የቆመችው የሟች ልጅ። የፋብሪካ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ናት፤ በቀን ሦስት መቶ ሰው ታበላለች። ማታ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አብልታለች። «ለወንድሜ ነው የጻፍኩት። ከሰኞ ጀምሮ አባዬን እሱ ሊወስዳቸው ነበር።»

«አንቺስ?»

«ጭነት መርከብ ላይ በወጥ ሠሪነት ተቀጥሬያለሁ። ለሁለት ዓመት። ሰኞ ጠዋት ይነሳል።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ሰኞ ካልተሳፈርኩ ሌላ ሰው ይወስዱበታል። እንዲህ ያለ ነገር በእኔ ዕድሜ ሁለት ጊዜ አይመጣም።»

«ወንድምሽ ሊወስዳቸው ነበር አልሽ። ነበር?»

«አርብ ዕለት መጥቶ ሚስቴ አሻፈረኝ አለች አለኝ። ‹እሳቸው በዚህ በር ሲገቡ እኔ በዚያኛው እወጣለሁ› ብላዋለች። እኔም ሰኞ ባገኘሁት በር እወጣለሁ አልኩት።»

«እና ማን ሊቀር ነበር?»

«አባዬ።»

ኢንስፔክተሯ ዝቅተኛዋን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «ትንሿን ሳህን ማን ሞላት?»

«እኔ። ጨዋታው ሳይጀመር በወንፊት አጥልዬ፣ በወተት አቅጥኜ፣ ከድኜ እዚሁ ተውኳት። ለእረፍት ሲወጡ መጥቼ ወሰድኳት።»

«ድንች የነካው ዕቃ በምን ይታጠባል?»

ልጅቷ ግር ብሏት አየቻት። «በቀዝቃዛ ውኃ ነዋ። ሙቅ ካገኘው ይጋግራል። ወጥ ቤት የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።»

የሟች ምራት ልብስ ሰፊ ናት። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደ ጠመጠመች ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ ስታለቅስ፣ ኢንስፔክተሯ ስትገባ እንባዋን አብሳ ቶሎ ነገር ጀመረች።

«ነፍሳቸውን ይማርና ሽማግሌው ምላስ ነበራቸው። የሰፋሁትን ቀሚስ አይተው ‹ይሄ የጎል መረብ ነው?› ይሉኛል። የሚሠራው ግማሽ አፋቸው ነው፤ እሱም ለስድብ ብቻ።»

«ስለዚህ አልወስዳቸውም አልሽ።»

«አልወስድም ማለት መግደል ነው እንዴ? ማጥቀሻውን የሠራችው እሷ። ሳህኗን ያመጣችው እሷ። መርከቡ የእሷ። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?»

«የት እንደ ነበርሽ።»

«እስከ እረፍት ድረስ? እዚች ሶፋ ላይ። እረፍት ሳይደርስ ሪጎሬ ሊመታ ሲል ምስሉ ነጭ ነጥብ ብቻ ሆነብን፤ ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ሄጄ በጥፊ እለው ጀመር። ሽማግሌው ይሳደባሉ። እሷ እጃቸውን ይዛ ‹ይረጋጉ አባዬ› ትላለች። እንግዳቸው በረኛው ‹አትምቺው፣ ይብስበታል› ይለኛል። የቴሌቪዥኑ ድምፅ እንደሆነ እሳቸው ጆሯቸው ስለሚከብድ ጣሪያ ነው የሚነቅለው።»

«ባልሽስ?»

«ጣሪያ ላይ፣ አንቴናውን ሲያዞር። መጀመሪያ ቢራ ሊያመጣ ብሎ ወጣ፣ ከዚያ...» ቆም አለች። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች። «ከዚያ ምስሉ ተበላሸ።»

ሁሉም «በረኛው» የሚሉት ሽማግሌ አሰልጣኙ ካሠለጠኗቸው ሰዎች የመጀመሪያው ነው። ከአሥሩ ጣቶቹ አራቱ ተሰብረው ጠመው ድነዋል። ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ አገኘችው።

«ጋሼ፣ የት ተቀምጠው ነበር?»

«ከወንድ ልጁ ጎን። እሱ ከበሩ በኩል፣ እኔ ከመስኮቱ።»

«ሪጎሬው ሲሰጥስ?»

«እሱን ተይው። ስንት ዓመት ኳስ ያየሁ ሰው ሪጎሬ በጆሮዬ አየሁ።» ትንሽ ፈገግ አለና መልሶ ዋጠው። «ዳኛው ነጥቡን ሲያሳይ ክንዴን የልጁ ትከሻ ላይ ላሳርፍ ወረወርኩት። የወደቀው ትራሱ ላይ ነው። ልጁ የለም። ቀና ስል ምስሉ ጥርት እንዳለ ነው። መቺው ኳሱን አስቀምጦ ወደ ኋላ ሲሄድ ነው የጠፋው።»

«እርግጠኛ ነዎት? መጀመሪያ ልጁ፣ ቀጥሎ ምስሉ?»

«እኔ በረኛ ነኝ፣ የኔ እመቤት። ከመመታቱ በፊት ያለውን ነው የማየው።»

ኢንስፔክተሯ ልትሄድ ስትል እጅጌዋን ያዛት።

«ሁለተኛው ጎል ሲገባ አሰልጣኙ ወንበሩን በግራ እጁ ይደበድብ ነበር። ደስ ብሎት መሰለኝ። እኔም የኔን ደበደብኩለት። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር፤ እኔ ስቄለት ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርኩ።»

እጇን እጁ ላይ ጥቂት አቆይታ ገባች።

የሟች ወንድ ልጅ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ግዙፍ ሰው ነው፤ ዓይኖቹ አብጠዋል። ጥያቄው ሳይመጣ መልሱን ያቀርባል።

«ምስሉ ሲጠፋ ተነስቼ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። አንቴናውን አዞርኩና ‹አሁንስ?› አልኳቸው። ‹መጣ መጣ› አሉኝ። ወረድኩ። ይኸው ነው።»

«ከወንበርህ የተነሳኸው ከጠፋ በኋላ ነው?»

«አዎ። ሪጎሬ ሊመታ ሲል በደህናው ጊዜ ምን ያስነሳኛል?»

«ቢራስ?»

«የምን ቢራ?»

ኢንስፔክተሯ ራሷን ነቀነቀችና አብሯት ለመጣው ፖሊስ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረችው። ፖሊሱ ወደ ወጥ ቤት ሄደ።

ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። «እንደ ትናንቱ ተቀመጡ» አለች። በረኛው ከመስኮቱ በኩል፣ ሹፌሩ ከበሩ በኩል፣ ሚስቱ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ወጥ ሠሪዋ ከአባቷ ወንበር አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ባዶው ወንበር ላይ ብርድ ልብሱ እንደ ተጣጠፈ ነው። ኢንስፔክተሯ ቴሌቪዥኑን ከፈተች። አንዲት ሴት የአየር ጠባይ ትናገራለች፤ ምስሉ ጥርት ያለ ነው።

«ለእንግዶች የተሠራው ድንች በሹካ ተፈጭቷል» ብላ ጀመረች። «የአሰልጣኙ በወንፊት የጠለለ ነበር። ጉሮሯቸው ውስጥ የተገኘው ግን የሁለቱም ዓይነት አይደለም። አንድ ሰው ሳህኗን ብሌንደር ውስጥ ገልብጧል። እንዲወፍርም ድስት ውስጥ የተረፈውን ድንች ጨምሮበታል። በብሌንደር ድንች ምን እንደሚሆን፣ ሙጫውም ምን እንደሚያደርግ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። ማንበብ የሚችል ሁሉ ያውቃል።»

«የጻፈችው እሷ ናት» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እሷ ናት። ብሌንደሩ ግን በሙቅ ውኃ ነው የታጠበው። ጎማው ላይ የጋገረው ድንች አልለቀቀም። እሷ በእንቅልፏ እንኳ ድንች በሙቅ ውኃ አታጥብም። ይህ ብቻውን አይበቃኝም፤ ስለዚህ መቼ እንደሆነ ፈለግሁ።»

ኢንስፔክተሯ እጇን በመስኮቱ አውጥታ አወዛወዘች። ከግቢው ማዶ ብሌንደሩ ሲያጓራ ተሰማ። ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረችው ሴት ነጭ ነጥብ ውጧት ጠፋች።

ኢንስፔክተሯ እጇን መለሰች፤ ሴትየዋ ተመልሳ ስለ ዝናብ ማውራት ቀጠለች።

«ትናንት አንቴናው ደህና ነበር። ምስሉ የጠፋው ብሌንደሩ ሲዞር ነው። ድምፁን ደግሞ ጣሪያ የሚነቅለው ቴሌቪዥን ሸፈነው። ያን ጊዜ ማን የት ነበር? ልብስ ሰፊዋ ቴሌቪዥኑን ትመታለች። በረኛው አትምቺው ይላሉ። ወጥ ሠሪዋ የአባቷን እጅ ይዛለች። ሦስቱም ይተያያሉ። አራተኛው ‹ምስሉ ሲጠፋ ተነሳሁ› አለኝ። የበረኛው ክንድ ግን ምስሉ ሳይጠፋ ባዶ ወንበር ነው ያገኘው። ሚስቱም ቢራ ሊያመጣ አስቀድሞ እንደ ወጣ ታስታውሳለች። ቢራውን የት አደረስከው?»

ሹፌሩ ሚስቱን አየ። እሷ ሜትሯን ታያለች።

«ጩኸቱን ስትሰማ ምስሉ እንደ ጠፋባቸው አወቅህ። ስትጨርስ ወጥተህ ‹አሁንስ?› አልክ። ጣሪያውን አብሮኝ የመጣው ፖሊስ ወጥቶ አይቶታል። መሰላሉም አንቴናውም የሸረሪት ድር አለባቸው።»

«ሚስቴ ትሄዳለች» አለ ሹፌሩ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጠነ። «ይቺም እህቴ ትሄዳለች። እኔና እሳቸው ብቻችንን ልንቀር። ልጅ ሆኜ ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንኳ አላስቀመጡኝም። ‹አንተ ኳስ አቀባይ ነህ› አሉኝ በሰው ፊት። አሁን አፋቸውን ልጠርግ?»

በረኛው ጠማማ ጣቶቹን ፊቱ ላይ አደረገ። ልብስ ሰፊዋ ወደ ወጥ ሠሪዋ ዞራ «እኔ እኮ አንቺን...» ብላ ልትነሳ ስትል ኢንስፔክተሯ በእጇ መለሰቻት።

«አልጨረስኩም» አለች። ወጥ ሠሪዋን ስታያት ድምጿ ለስለስ አለ፤ ይህም ከሌላው ሁሉ የከፋ ነበር። «ሳህኗን ከወጥ ቤት ያመጣሽው አንቺ ነሽ።»

«አዎ።»

«ክዳኗን ያነሳሽውም አንቺ ነሽ። ማንኪያውንም አንቺ ሰደድሽበት። እኔ ከድስት ጋር ብዙም የማልተዋወቅ ሴት ነኝ፤ እኔ እንኳ ክሩን አይቻለሁ።»

ወጥ ሠሪዋ የብርድ ልብሱን ጫፍ ትዳስሳለች።

«ያብረቀርቅ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ማንኪያውን ይዞ አልለቅም አለ። ማን እንደነካው ወዲያው ገባኝ። ሌላ ለማጥለል አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ድንችም ወተትም ነበረ። ቆሜ አየሁት። ከዚያ ከሳሎን ‹ተጀመረ፣ ነይ› ብለው ጠሩኝ።»

«እና?»

«ማንኪያውን ግራ እጃቸው ላይ አስያዝኳቸው። ‹እጅሽ ይባረክ› አሉኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው።»

ሹፌሩ ቀና ብሎ እህቱን አያት። ልጆች ሆነው አንድ ላይ ጥፋት ሲገኝባቸው እንደሚተያዩ ተያዩ።

ኢንስፔክተሯ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። ቴሌቪዥኑን አጠፋችና ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ለወጥ ሠሪዋ ሰጠቻት።

«መርከቡ ጋ ደውይ» አለቻት። «ሌላ ሰው ይፈልጉ። ሰዎቹ ያለ ወጥ ሠሪ ባሕር እንዳይገቡ።»

ወጥ ሠሪዋ ስልኩን ተቀበለች። ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች።